ከደሴ ሆኖ በፕሮቶን ግጭት ዳታ ውስጥ አዲስ ቅንጣት እንዴት ይፈለጋል?

ደሴ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ከተማሪዎቼ በየዓመቱ የማይቀርልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «መምህር፣ አዲስ ቅንጣት የሚፈለገው በውጭ አገር ማሽን ነው፤ እኛ ከዚህ ሆነን ምን ድርሻ ይኖረናል?» ይሉኛል። ግጭቱ በእርግጥ የሚካሄደው ከጄኔቫ ከተማ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ ነው። ፍለጋው ግን የሚካሄደው ግጭቱ ትቶት ባለፈው ዳታ ላይ ሲሆን፣ የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት የሆነው ሰርን የዚህን ዳታ ከፊሉን ከ2014 ጀምሮ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲወስደው በኢንተርኔት ከፍቶታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያ ወይም በሌላ የወሎ ከተማ ተቀምጦ አንድ ላፕቶፕ ላለው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ላልረሳና ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። መንገዱን የምጀምረው ከታወቁት ቅንጣቶች ነው። የታወቀውን ቅንጣት በራሱ እጅ ፈልጎ ያላገኘ ሰው ያልታወቀውን አገኘሁ ቢል ሊታመን አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ራሱንም ማመን የለበትም።

ዳታው ከየት እንደሚመጣ

ታላቁ የሀድሮን አጋጭ የሚባለው ማሽን 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ቀለበት ሲሆን፣ ከመሬት በታች በአማካይ 100 ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። በቀለበቱ ውስጥ ሁለት የፕሮቶን ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ጨረሮቹ በእሽግ በእሽግ የተከፋፈሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ እሽግ ከ100 ቢሊዮን በላይ ፕሮቶን ይይዛል፤ እሽጎቹም በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። የግጭቱ ጠቅላላ ኢነርጂ በ2011 ዓመት 7 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ 13.6 ደርሷል። ፊዚክስ የሚማሩ ሰዎች ይህንን መለኪያ ቲኢቪ፣ አንድ ሺኛውን ደግሞ ጂኢቪ ስለሚሉት እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው እጽፋለሁ።

ጉልበቱ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ኢነርጂ ወደ ቁስ ስለሚለወጥ ነው። የአንድ ፕሮቶን መጠነ ቁስ አንድ ጂኢቪ እንኳ አይሞላም፤ ከሁለት ፕሮቶኖች ግጭት ግን 125 ጂኢቪ የሚመዝን የሂግስ ቅንጣት ሊወለድ ይችላል። ይሁንና ፕሮቶን በራሱ ኳርክና ግሉኦን ከሚባሉ ጥቃቅን አካላት የተሠራ በመሆኑ በእውነት የሚጋጩት እነዚያ አካላት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከፕሮቶኑ ኢነርጂ የሚይዙት ድርሻ በየግጭቱ ይለያያል። ስለዚህ 13.6 ቲኢቪ የሚለው ቁጥር የጣሪያው ቁጥር እንጂ በየግጭቱ የሚገኝ አይደለም።

ከሁሉም በፊት ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ከዚህ ሁሉ ግጭት ተመዝግቦ የሚቀረው እጅግ ጥቂቱ መሆኑ ነው። ትሪገር የሚባለው የመምረጫ ሥርዓት በመጀመሪያ በኤሌክትሮኒክስ፣ ቀጥሎም በኮምፒውተር ፕሮግራም እየለየ በሰከንድ ከሚደርሱት 40 ሚሊዮን የእሽግ ግጭቶች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉትን ብቻ ያስቀራል። የተጣለው ተመልሶ አይገኝም። በመሆኑም ማንኛውንም የዳታ ፋይል ሲከፍቱ «በውስጡ ምን አለ?» ከማለትዎ በፊት «ምን ዓይነት ክስተት ገና ከበሩ ተመልሷል?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ መዝለል ምን እንደሚያስከትል ከራሴ ስህተት ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በሙኦን መጀመር

ለጀማሪ የሚበጀው ሁለት ሙኦን የተመዘገበባቸውን ክስተቶች መያዝ ነው። ሙኦን የኤሌክትሮን ዓይነት ባሕርይ ያለው፣ ከኤሌክትሮን ግን 200 ጊዜ ያህል የሚከብድ ቅንጣት ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ቅንጣቶች ግጭቱን በሚመዘግበው መመርመሪያ ውስጥ ባሉት ከባድ ብረቶች ተውጠው ሲቀሩ ሙኦን ግን ሰንጥቆ ስለሚወጣ፣ በውጨኛው ክፍል የተገኘ ዱካ በአብዛኛው የእርሱ ነው ማለት ይቻላል። ሲኤምኤስ የሚባለው 14,000 ቶን የሚመዝነው መመርመሪያ በ3.8 ቴስላ ማግኔቱ የሙኦኑን መንገድ ያጎብጠዋል፤ የጎበጠበት መጠን ሞመንተሙን፣ የጎበጠበት አቅጣጫ ደግሞ ቻርጁ አዎንታዊ ወይም አሉታዊ መሆኑን ይነግረናል።

ሙኦን ለእኛ የሩቅ እንግዳ አይደለም። በ1936 የተገኘው ከጠፈር በሚመጣ ጨረር ውስጥ ነበር፤ በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ሙኦን ያልፋል፤ ወደ ከፍታ በወጡ መጠን ቁጥሩ ይጨምራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት በጦሳ ተራራ ሥር ሆነው ከሆነ በዘረጉት መዳፍ ውስጥ በየሰከንዱ ከአንድ በላይ ሙኦን እያለፈ ነው። ተማሪዎቼ መዳፋቸውን ዘርግተው ዝም ብለው ሲመለከቱት ማየት ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ፋይሉን አውርዶ መክፈት

በሰርን የክፍት ዳታ ገጽ ላይ የሲኤምኤስ ቡድን ለትምህርት እንዲሆን ያዘጋጀው፣ በ2011 ከተመዘገበው ዳታ የተወሰደ፣ 100,000 የሁለት ሙኦን ክስተቶችን የያዘ ሠንጠረዥ ይገኛል። መጠኑ በሜጋባይት እንጂ በጊጋባይት የሚቆጠር ስላልሆነ በስልክ ኢንተርኔትም ይወርዳል። ኔትወርኩ ደህና በሚሆንበት ሰዓት ፋይሉን አንድ ጊዜ አውርደው በላፕቶፑና በፍላሽ ላይ ያስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላ መብራት ቢሄድ እንኳ ባትሪው እስከቆየ ድረስ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል። ለሥራው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፓንዳስና ማትፕሎትሊብ ከሚባሉት የሠንጠረዥና የሥዕል መሥሪያ ተጨማሪዎቹ ጋር ይበቃል። ፓይተን ለማያውቅ ሰው ኤክሴልም የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ያስኬዳል፤ በኋላ ላይ ግን ይከብዳል።

በሠንጠረዡ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ክስተት ነው። ለእያንዳንዱ ሙኦን ኢነርጂው፣ የሞመንተሙ ሦስት ክፍሎች፣ ከጨረሩ አቅጣጫ ወደ ጎን ያለው ሞመንተም (የጎን ሞመንተም)፣ ሁለት የአቅጣጫ ቁጥሮችና ቻርጁ ተጽፈዋል። ከአቅጣጫ ቁጥሮቹ አንዱ ኤታ ይባላል፤ ሙኦኑ ከጨረሩ መስመር ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል። ሁለተኛው ፋይ ነው፤ በጨረሩ ዙሪያ ያለውን አንግል በራዲያን ይሰጣል። የጎን ሞመንተም ራሱን ችሎ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚጋጩት ኳርኮች በጨረሩ አቅጣጫ ምን ያህል ሞመንተም ይዘው እንደመጡ አናውቅም፤ ወደ ጎን ግን ከግጭቱ በፊት ምንም አልነበረም ማለት ስለሚቻል፣ ወደ ጎን የሚታየው ሁሉ ከግጭቱ የተወለደ ነው።

የጥንዱን መጠነ ቁስ ማስላት

አንድ ከባድ ቅንጣት ተወልዶ ወዲያው ወደ ሁለት ሙኦኖች ቢበታተን እኛ የምናየው ሁለቱን ሙኦኖች ብቻ ነው። ነገር ግን ኢነርጂና ሞመንተም ስለማይጠፉ የወላጁ መጠነ ቁስ በልጆቹ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። የሁለቱን ኢነርጂ ደምሮ ድምሩን በራሱ ማባዛት፣ ከዚያም የሁለቱን ሞመንተም እንደ ቬክተር ደምሮ የድምሩን ካሬ መቀነስ፣ በመጨረሻም የካሬ ሥሩን ማውጣት የወላጁን መጠነ ቁስ ይሰጣል። ሙኦኖቹ ፈጣን ሲሆኑ አጠር ያለ መንገድ አለ። የሁለቱን የጎን ሞመንተም አባዝተው በ2 ያባዙ፤ ከኤታዎቹ ልዩነት ሃይፐርቦሊክ ኮሳይን ላይ የፋዮቹን ልዩነት ኮሳይን ይቀንሱ፤ ሁለቱን ውጤቶች አባዝተው የካሬ ሥሩን ያውጡ።

በወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ሳይሠሩት ወደ ኮምፒውተር እንዳይሄዱ አደራ እላለሁ። ለምሳሌ የአንደኛው ሙኦን የጎን ሞመንተም 45፣ የሁለተኛው 42 ጂኢቪ፣ የኤታዎቹ ልዩነት 0.6፣ የፋዮቹ ልዩነት 3.0 ራዲያን ቢሆን፣ 2 ጊዜ 45 ጊዜ 42 የሚሰጠው 3,780 ነው። የ0.6 ሃይፐርቦሊክ ኮሳይን 1.185፣ የ3.0 ራዲያን ኮሳይን ደግሞ አሉታዊ 0.990 በመሆኑ ልዩነታቸው 2.175 ይሆናል። የሁለቱ ብዜት 8,223 ገደማ ነው፤ ካሬ ሥሩም ወደ 90.7 ጂኢቪ ይጠጋል። ይህ ቁጥር ዚ ከሚባለው ቅንጣት መጠነ ቁስ፣ ማለትም ከ91.2 ጂኢቪ፣ አጠገብ ነው። ካልኩሌተሩ አንግሉን በዲግሪ እንዲያነብ ተደርጎ ከሆነ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ በክፍል ውስጥ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ከአንድ ክስተት በመነሣት «ይህ ዚ ነው» ማለት አይቻልም። ከዚ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሁለት ሙኦኖችም በአጋጣሚ 90.7 ሊሰጡ ይችላሉ። ቅንጣት የሚታወቀው በብዙ ክስተቶች ክምችት ነው። ስለዚህ ሂሳቡን ለ100,000ዎቹም ረድፎች ሠርተው ውጤቱን በሂስቶግራም ያስቀምጡ፤ አግድሙ መጠነ ቁስ፣ ቁመቱ የክስተት ብዛት ይሁን፤ ሁለቱንም በሎጋሪዝም መለኪያ ያድርጓቸው።

ያን ጊዜ የሚታየው ሥዕል ለእኔ እስከ ዛሬ ያልተሰለቸኝ ነው። በቁልቁለት የሚወርድ መስመር ላይ 3.1 ጂኢቪ አካባቢ አንድ ቀጥ ያለ ጉብታ ይነሣል፤ ይህ በኅዳር 1974 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ለየብቻ ያገኙት ጄ ፕሳይ ነው። 9.5 አካባቢ በ1977 ፌርሚላብ በሚባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘው ኡፕሲሎን ትንሽ ከሚከብዱት ሁለት ወንድሞቹ ጋር ይታያል። 91 ላይ ደግሞ በ1983 በሰርን የተገኘው ዚ በሰፊው ተቀምጧል። እያንዳንዳቸው በዘመናቸው የታላላቅ ቤተ ሙከራዎችን ዓመታት የወሰዱ ግኝቶች ናቸው፤ አሁን በአንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይወጣሉ።

የዚ ጉብታ ለምን እንደሚሰፋ ለማስረዳት ክራር ይዤ ክፍል የገባሁበት ጊዜ አለ። አንድ ክር ተመትቶ እስኪበርድ ቢተው ድምፁ ጥርት ብሎ ይለያል፤ ያው ክር ተመትቶ ወዲያው በጣት ቢታፈን ግን የትኛው ድምፅ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ቅንጣትም እንዲሁ ነው፤ ዕድሜው ባጠረ መጠን መጠነ ቁሱ በአንድ ቁጥር ላይ አይቆምም። የዚ ዕድሜ እጅግ አጭር በመሆኑ ጉብታው 2.5 ጂኢቪ ያህል የተፈጥሮ ስፋት አለው። የጄ ፕሳይ የተፈጥሮ ስፋት ግን ከአንድ ጂኢቪ አሥር ሺኛ እንኳ ያነሰ ነው፤ በሂስቶግራሙ ላይ የምናየው ስፋቱ የመመርመሪያው የልኬት ድክመት ነው። በዚህ ምክንያት ጄ ፕሳይና ዚ እንደ ሚዛን መፈተሻ ድንጋይ ያገለግላሉ። በታወቀው ቦታቸው ካልተገኙ ልኬቱ ወይም የእርስዎ ሂሳብ ተዛብቷል ማለት ነው።

ዳራውን ማወቅ፣ መስኮቱን መሸፈን

ከጉብታዎቹ ሥር ያለው ቁልቁለት ዳራ ይባላል። ከሌላ ምንጭ የመጡ፣ በአጋጣሚ የተጣመሩ፣ ወይም በሚታወቅ ሂደት የተወለዱ የሙኦን ጥንዶች ክምችት ነው። የፍለጋው አብዛኛው ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳራውን በትክክል ያላወቀ ሰው ትርፉን ሊያውቅ አይችልም።

ልምምዱን በኡፕሲሎን ያድርጉት። ከ8 እስከ 12 ጂኢቪ ያለውን ክፍል ብቻ በ0.1 ጂኢቪ ስፋት ከፋፍለው ያውጡና ከ9 እስከ 10.7 ያለውን ክፍል እንደማያውቁት ያህል ይሸፍኑት፤ በፓይተን እነዚያን ረድፎች ከሥዕሉ ማስወጣት ቀላል ነው። ከሁለቱ ጎን በቀረው ዳታ ላይ አንድ ለስላሳ መስመር ያስማሙ። ከዚያም መስመሩ በተሸፈነው ክፍል ውስጥ ስንት ክስተት እንደሚጠብቅ አስልተው ቁጥሩን በወረቀት ላይ ቀኑን ጨምረው ይጻፉት። መስኮቱን፣ ማለትም የተሸፈነውን ክፍል፣ የሚከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። ከተጠበቀው በላይ የመጣው ሁሉ የኡፕሲሎን ቤተሰብ ነው፤ ጥንቃቄ ካደረጉ በ9.46፣ በ10.02ና በ10.36 አካባቢ ሦስቱንም ለይተው ያዩአቸዋል።

መሸፈኑ ያስፈለገው የሰው ዓይን የፈለገውን ስለሚያይ ነው። መስኮቱ ክፍት ሆኖ መስመሩን የሚያስማማ ሰው ሳያስበው ጉብታው እንዲጎላ ያደርጋል፤ ክስተቶችን የሚመርጥበትንም መስፈርት ጉብታው እስኪያምርለት ድረስ ይለዋውጣል። በሰርን ሁለት ታላላቅ መመርመሪያዎች ላይ በሚሠሩት የአትላስና የሲኤምኤስ ቡድኖች ውስጥም መስፈርቱ በሙሉ ሳይቋጭ የሚፈለገው ክፍል እንዳይከፈት የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው ጥንዶች ካጋጠሙዎት ለብቻቸው ያስቀምጧቸው። ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ወደ ሁለት አዎንታዊ ሙኦኖች ሊበታተን ስለማይችል፣ እነርሱ የአጋጣሚ ጥምረት ምን እንደሚመስል ያሳያሉ።

መስፈርቱ ራሱ የሚሠራው ጉብታ

አሁን ስህተቴን ልናገር። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት «ደህና ሙኦኖችን ብቻ ልያዝ» ብዬ የሁለቱም የጎን ሞመንተም ከ20 ጂኢቪ በላይ የሆኑትን ክስተቶች ብቻ አስቀረሁ። ሂስቶግራሙን ሳወጣው ከ40 ጂኢቪ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በመጽሐፍ ውስጥ ያላየሁት አንድ ሰፊ ጉብታ ቆሞ አገኘሁት። የዚያን ሌሊት አልተኛሁም። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ እስኪጠፋ ድረስ ስሠራ ቆየሁ፤ በማግሥቱም ለተማሪዎቼ ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ «መምህር፣ መስፈርቱን ወደ 15 ቢያወርዱት ጉብታው የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። አወረድኩት። ጉብታው ወደ 30 ጂኢቪ ሄደ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊት ለፊት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱና እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጂኢቪ የያዙ ሁለት ሙኦኖች የሚሰጡት መጠነ ቁስ ቢያንስ 40 ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን አብዛኛውን ክስተት በገዛ እጄ ቆርጬ ስለጣልኩት የቀረው ጫፍ ጉብታ መሰለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ፈተና ሳላልፍ ምንም ጉብታ አላምንም። መስፈርቱን ዝቅና ከፍ ያድርጉ፤ እውነተኛ ቅንጣት መጠነ ቁሱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ከመስፈርቱ ጋር የሚጓዝ ጉብታ ግን የመስፈርቱ ሥራ ነው። የትሪገሩ ምርጫም እኛ ሳንነካው በዳታው ውስጥ ተመሳሳይ ቅርፅ ሊፈጥር ስለሚችል፣ በማያውቁት የዳታ ስብስብ ላይ ትሪገሩ ከስንት ጂኢቪ ጀምሮ እንደሚያሳልፍ ከሰነዱ ሳያነቡ አይጀምሩ።

ትርፉ ስንት ሲሆን ይታመናል?

በአንድ መስኮት ውስጥ በአማካይ 100 ክስተት የሚጠበቅ ከሆነ፣ በየጊዜው የሚቆጠረው ልክ 100 አይሆንም፤ በካሬ ሥሩ ልክ፣ ማለትም በ10 ያህል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋዥቃል። ይህ የመዋዠቅ መጠን ሲግማ ይባላል። ስለዚህ 130 ቢቆጥሩ ትርፉ 3 ሲግማ ገደማ ነው። በአጋጣሚ እንዲህ ያለ ትርፍ የሚመጣው ከ740 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ነው። በዚህ ሙያ 3 ሲግማ «ምልክት አለ» ያሰኛል እንጂ «ተገኘ» አያሰኝም። ለግኝት የሚጠየቀው 5 ሲግማ ነው፤ እርሱም በአጋጣሚ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ጊዜ የሚደርስ ነው።

ብዙ ሰው መስፈርቱ ከልክ በላይ ጠበቀ ይላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ ቆሞ በየሰዓቱ የሚገቡትን ግመሎች የሚቆጥር ሰው አለ እንበል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚገቡት ግመሎች እንደሚበዙ አስቀድሞ ተናግሮ 130 ቢቆጥር ቁጥሩ ያስደንቃል። ነገር ግን ግመሉንም፣ ፍየሉንም፣ በሬውንም፣ በየሰዓቱና በየሰኞው እየቆጠረ ሄዶ ከመቶዎቹ ቁጥሮች መካከል አንዱ ከፍ ብሎ ቢያገኘው ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለም። በእኛም ሂስቶግራም ውስጥ 100 መስኮቶች ቢኖሩ፣ ምንም አዲስ ቅንጣት ባይኖር እንኳ ቢያንስ በአንዱ ውስጥ የ3 ሲግማ ትርፍ የማየት ዕድላችን 13 በመቶ ገደማ ነው። ስለሆነም ውጤትዎን ሲጽፉ ስንት መስኮት እንደተመለከቱ አብረው ይጻፉ፤ ያለዚያ ሲግማው ትርጉም የለውም።

ይህ ጥንቃቄ የታላላቆቹም ነው። በታኅሣሥ 2015 አትላስና ሲኤምኤስ ሁለቱም በሁለት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ጥንድ ውስጥ 750 ጂኢቪ አካባቢ ትርፍ ማየታቸውን አስታወቁ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ያንን ለማስረዳት በመቶዎች የሚቆጠሩ የቲዎሪ ጽሑፎች ወጡ። በነሐሴ 2016 ብዙ እጥፍ ዳታ ተጨምሮ ሲታይ ትርፉ ጠፋ። ቡድኖቹ በመጀመሪያውም ቀን ተገኘ አላሉም ነበር፤ ለዚህም ነው በዚያ ታሪክ የማያፍሩት። ከዚያ በፊት በ1976 በፌርሚላብ አንድ ቡድን በኤሌክትሮን ጥንዶች ውስጥ 6 ጂኢቪ ላይ አዲስ ቅንጣት እንዳየ አስታውቆ ነበር፤ ዳታ ሲጨምር ጠፋበት፤ ያው ቡድን በዓመቱ እውነተኛውን ኡፕሲሎን በ9.5 አገኘ። ሂስቶግራምዎን ይክፈቱና 6 ጂኢቪ ላይ ይመልከቱ፤ እዚያ የጎላ ነገር አያገኙም።

ሌላው መንገድ የማይታየውን ቅንጣት በጉድለቱ መፈለግ ነው። ወደ ጎን ያለው ሞመንተም ተደምሮ ዜሮ ካልሆነ አንድ ነገር ሳይመዘገብ አልፏል ማለት ነው፤ ዱካ ሳይተው የሚያልፈው ኒውትሪኖ የሚባል ቅንጣት ሊሆን ይችላል፣ የጨለማ ቁስ ቅንጣትም ሊሆን ይችላል። በዚህ መንገድ ግን የመመርመሪያው እያንዳንዱ ቀዳዳና እያንዳንዱ የተበላሸ መሣሪያ ሐሰተኛ ጉድለት ስለሚፈጥር ለጀማሪ አልመክርም።

ባይገኝስ?

ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ያን ጊዜ ሥራው በባዶ ቀረ ማለት አይደለም። የተፈለገው ቅንጣት ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ስንት ክስተት ይታይ እንደነበር አስልቶ ጣሪያ ማስቀመጥ የሥራው ግማሽ ነው። የመጀመሪያው ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው። ዳራ በማይጠበቅበት መስኮት ውስጥ ምንም ክስተት ካልታየ፣ ከ3 በላይ ክስተት ይሰጥ የነበረ ማንኛውም መላምት በ95 በመቶ እርግጠኝነት ውድቅ ይሆናል። በዚህ ዓይነት አሠራር ነው አትላስና ሲኤምኤስ በሁለት ሌፕቶን (ኤሌክትሮን ወይም ሙኦን) ዳታቸው፣ ከዚ ጋር አንድ ዓይነት ባሕርይ ያለው ከባድ ወንድም ቢኖር መጠነ ቁሱ ከ5 ቲኢቪ በላይ መሆን አለበት ያሉት። ይህም እውቀት ነው፤ ቀጣዩ ፈላጊ ከየት መጀመር እንዳለበት ይነግረዋል።

ስለዚህ ደብተር ይያዙ። የፋይሉን ስም፣ የወረደበትን ቀን፣ መስፈርቶቹን፣ መስኮቱ ሳይከፈት የተጻፈውን ግምትና ከተከፈተ በኋላ የተቆጠረውን በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ። በኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዎ ያንን ገጽ ብቻ ይዞ፣ እርስዎን ሳይጠይቅ ያንኑ ቁጥር ማውጣት ከቻለ ሥራው ተሠርቷል። ካልቻለ የጎደለውን ነገር ይጠይቁትና ይጨምሩበት።

ከዚህ በኋላ ወደ አራት ሌፕቶን ዳታ ይሂዱ። አትላስ በ2024 ለምርምር የከፈተው ዳታ 65 ቴራባይት ስለሆነ ለማውረድ አይሞክሩት፤ ሁለቱም ቡድኖች ለትምህርት ያዘጋጇቸው ትናንሽ ፋይሎች ይበቃሉ። በሐምሌ 2012 የታወጀው ሂግስ በዚህ መንገድ 125 ጂኢቪ ላይ ይታያል፤ ክስተቶቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ በሆኑ የፕሮቶን ግጭቶች ውስጥ አንድ ሂግስ ቢወለድ ነው፤ ከተወለዱትም ወደ አራት ሙኦን ወይም ኤሌክትሮን የሚበታተኑት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። በዚያው ሂስቶግራም ላይ ዚ ራሱ ወደ አራት ሌፕቶን ሲበታተን የሚሠራው ትንሽ ጉብታ 91 ላይ አለ። መጀመሪያ እርሱን ያግኙ፤ በቦታው ካልተገኘ 125ን ሳይመለከቱ ወደ ሙኦኖቹ ልኬት ተመልሰው ስህተቱን ይፈልጉ።